ስሜን የማያውቅ ማሽን

«ስሜን» የሚለው ቃል ደባርቅ ላይ ማንንም አያደናግርም። «ነገ ስሜን እወጣለሁ» ያለ ሰው ተራራውን ማለቱ ነው፤ «ስሜን መዝግብልኝ» ያለ ደግሞ የራሱን ስም። ይህን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ያው ሦስት ፊደል ናቸው። በዚያ ላይ ግማሹ ጸሐፊ «የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ»፣ ግማሹ «የሰሜን ተራሮች»፣ ሌላው «ሲሜን» ይላል። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደባርቅ ያለው ይህ ፓርክ በአገሩ ቋንቋ እንኳ የጸና አጻጻፍ የለውም። ለአንባቢ ችግር የለውም፤ ያርመዋል። ለፍለጋ ሞተርና ለትርጉም ሶፍትዌር ግን ቃሉ ተራራ፣ አቅጣጫና የሰው ስም የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ የሚደረገው ክርክር ከዚህች ትንሽ ነገር ቢጀምር ይሻለው ነበር። አሁን ያለው ልማድ የታወቀ ነው። ኦፕንኤአይ ወይም ጎግል አዲስ ሞዴል ባወጣ ቁጥር የቴሌግራም መንደር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «አለቀልን፣ ሥራችንን ሊወስድ ነው» ይላል። ሌላው ማሽኑ በአማርኛ የጻፈውን ግጥም ፎቶ አንስቶ ይለጥፍና ወይ ይስቅበታል ወይ ይሰግድለታል። በሳምንቱ ሌላ ሞዴል ይወጣል፤ ጭብጨባውም ፍርሃቱም እንደገና ይጀምራል። ከሳን ፍራንሲስኮ የሚመጣውን ዜና ተርጉሞ መለጠፍ «የቴክኖሎጂ ጋዜጠኝነት» ከተባለ ሰነበተ። ማሽኑ አማርኛን ከየት ተማረው? ምን ያህሉን አየው? ያላየው የት ተቀምጧል? እነዚህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የዘለቀ ሰው ደረስጌን ያገኛል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል፤ በግንባታውም የጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የዊልሄልም ሺምፐር እጅ እንዳለበት ይነገራል። ውቤ የዘመናቸውን ቴክኖሎጂ ገዝተው አስገብተዋል፤ ጠመንጃውን በምጽዋ በር፣ ባለሙያውን ከአውሮፓ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ሆኑ፤ ካሣ ኃይሉም ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስለ ቴዎድሮስ ሲወራ ጋፋትና ሴባስቶፖል ይነሣሉ፤ መድፉን ከመግዛት ይልቅ እዚሁ ማስቀለጥ መፈለጋቸው ይወሳል። ከመድፉ በላይ የቆየው ግን ሌላ ነው። የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ በነበረበት አገር የእሳቸው ታሪክ በደብተራ ዘነብና በአለቃ ወልደ ማርያም ብዕር በአማርኛ ተጻፈ፤ ደብዳቤዎቻቸውም በአማርኛ ሄዱ። አማርኛ የመንግሥት የጽሑፍ ቋንቋ ወደ መሆን የሄደበት መንገድ ሲፈለግ ደረስጌ ከመነሻዎቹ አንዷ ናት።

እንግዲህ ይህችን ቦታ በኢንተርኔት መፈለግ ነው። የአውሮፓ ተጓዦችና ታሪክ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በጆሯቸው እንደገባ ጽፈዋታል፤ «ዴራስጌ» ያለ አለ፣ «ዳራስጌ» ያለ አለ፣ ፈረንሳዮቹ ውቤን ራሳቸውን «ኡቢዬ» አድርገዋቸዋል። በአማርኛ «ደረስጌ» ብሎ የፈለገ የታሪክ ተማሪ ከእነዚያ መጻሕፍት ጋር አይገናኝም። በእነዚያ መጻሕፍት የሠለጠነ ማሽንም «ኡቢዬ» የሚባል ሰው ያውቅ ይሆናል፤ የደረስጌው ደጃች ውቤ መሆኑን የሚያገናኝለት ጽሑፍ ካላገኘ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ የሆነው አማርኛ ኮምፒውተር ስለማያውቅ አይደለም። አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የወጣው ብዙዎች ከሚያስቡት ቀድሞ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው የግእዝ ፊደል የሚጽፍ ሶፍትዌር ሲሠሩ ድርጅታቸውን የሰየሙት በአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ነው፤ «ዳሽን» ብለው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው የስሜን ራስ፣ ስሙ በሶፍትዌር ሳጥን ላይ የተጻፈው ከስሜን ሕዝብ አብዛኛው መብራት ባላየበት ዘመን ነው። በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶክተር አበራ ሞላም በኮሎራዶ ሆነው በዚሁ ሥራ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። (ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ባለታሪኮቹን አመስግኖ ወደ ሥራው ማለፍ ለአማርኛ ተናጋሪ ለምን እንደሚከብደው የሚያውቅ ይንገረን።) በ1999 እ.ኤ.አ. የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ኮምፒውተር «ሀ»ን እንደ «ሀ» ሊያውቀው ይችላል።

ችግሩ ከዚያ በፊትና ጎን ለጎን የተጻፈው ነው። ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝና ሌሎቹ ፎንቶች አገሪቱን ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አገልግለዋል፤ ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በእነሱ ተተይቧል። ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን አሠራራቸው ጭምብል ነበር፤ ዓይን የሚያየው የግእዝ ፊደል፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሰው አቤቱታ የተሰበረ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ከእንዲህ ያለ ፒዲኤፍ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ለፍለጋ ሞተርም፣ ለቋንቋ ሞዴልም ይህ ሁሉ ወረቀት የለም። በደርግ መውደቂያና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያውያን የተከራከሩት፣ ያተሙት፣ የዘገቡት ብዙ ነገር ማሽኑ ፊት እንደ ጭረት የሚቆጠር ነው። ታዲያ ማሽኑ አማርኛውን በአመዛኙ የተማረው ከየት ነው? ወደ ድረ ገጽ በዩኒኮድ ከወጣው ነው፤ ከዜና ድረ ገጾች፣ ከሃይማኖት ጽሑፎችና ከትርጉሞች። ቋንቋው ደርቆ፣ ትርጉም ትርጉም እየሸተተ ቢወጣ ምን ይገርማል።

ሌላው የማይወራው ነገር ዋጋ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይገባል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ሲጨመርበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይቀየርና 70 ብቻ ይይዛል። እውነት ነው፣ ግእዝ አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ «ደረስጌ» በእኛ አራት፣ በላቲን ሰባት ፊደል ነው፤ ልዩነቱ የሚመስለውን ያህል አይሰፋም። ቢሆንም ይጎዳል። የአዝራር ስልክ ይዞ ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ቋንቋውን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው አገሩን ስለናቀ አይደለም። በቋንቋ ሞዴሎችም ያው ነገር በሌላ መልክ ተመልሷል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርጡበት ዘዴ ደግሞ በእንግሊዝኛ በብዛት የተለማመደ ስለሆነ አንዱን የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይሰባብረዋል። አገልግሎቱ የሚሸጠው በቁርጥራጩ ቁጥር ነው። ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ የጠየቀ ከእንግሊዝኛው ጠያቂ ይልቅ እንደሚከፍል ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የሚሠራ አገልግሎት የሚጀምር ወጣት ገና ሳይነሣ ቀረጥ ተጥሎበታል ማለት ነው።

ወደ ሰው ስም ስንመጣ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ወደ ባንኩም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱም እየገባ ነው። የተሠራው በባንጋሎር የተወጠነውን ሞሲፕ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር መነሻ አድርጎ ነው፤ ይህ የሚያሳፍር አይደለም፣ ከባዶ ከመጀመር ብልህነት ነው። ባለ 12 አሃዙ ቁጥርም ስምን ከማመሳሰል መከራ ሊያወጣ ይችላል። እስኪያወጣ ግን የቆየው ወረቀት ሁሉ በስም ነው የሚሄደው። አንድ የዳባት ገበሬ እንውሰድ። በክርስትናው ገብረ ሥላሴ፤ በይዞታ ደብተሩ «ገ/ሥላሴ»፤ በባንክ ደብተሩ በላቲን በአንድ ቃል፤ በልጁ የትምህርት ማስረጃ ላይ በላቲን በሁለት ቃል፣ ያውም «ሥላሴ» በሌላ ፊደል። አራት ወረቀት፣ አራት ሰው። ልዩነቱን የሚያስረዳው ማኅተም ፍለጋ ወረዳ የሚመላለሰው እሱ ነው፤ ቅጹን የነደፈው ፕሮግራመር አይደለም። ስሙ በግእዝ ፊደል አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ የላቲኑ በአንድ የታወቀ ደንብ ከእሱ ቢወጣ ይህ ጣጣ ይቀል ነበር። በተግባር ግን የላቲኑን አጻጻፍ የሚወስነው በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው።

«ፊደሉን ራሱ እንቀንሰውና እንገላገል» የሚሉ አሉ። ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ያለ ክርክር ነው፤ አሁን ደግሞ የሶፍትዌር ሰዎች አንሥተውታል። ስሌታቸው ባዶ አይደለም። «ፀሐይ»ን ብቻ ብንወስድ በሁለት ዓይነት «ጸ» እና በስድስት ዓይነት «ሀ» 12 ጊዜ ለዋውጦ መጻፍ ይቻላል፤ አንዱን የፈለገ አሥራ አንዱን ያጣል። ነገር ግን መፍትሔው ፈላጊውን ማሽን ማስተማር እንጂ ጸሐፊውን ማስገደድ አይደለም። ማሽኑ በውስጡ ሁሉንም እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልግ፤ የተጻፈውን ግን እንደተጻፈ ይተው። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። ሠረቀ ብርሃን የተባለን ሰው «ሰረቀ ብርሃን» ብሎ መዝግቦ መታወቂያ የሚሰጥ ሶፍትዌር ብርሃን ሌባ አድርጎታል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ኮድና ግእዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ማማከር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ለምን እንደሚከብድ ለሶፍትዌር ድርጅቶቻችን ቢጠየቅ ደስ ይላል። ቅጥር ሲወጣ አምስት ዓመት ልምድ ያለው ፕሮግራመር ይፈለጋል፤ የአማርኛ ሰው የተፈለገበት ማስታወቂያ ግን ብርቅ ነው።

ይህ ሁሉ የፊደል ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሁለት ነገር ያስታውስ። በነሐሴ 2013 መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በጦርነቱ ሲቪሎች ተገደሉ። የቦታዋ ስም በላቲን ሲጻፍ አንዴ በአንድ «ኤን»፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ በአንዱ ሲጻፍ ከከፋዋ ጨና ወረዳ ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ነገ ማስረጃ የሚፈልግ መርማሪ፣ ዘመዱን የሚፈልግ የጎንደር ስደተኛ፣ ወይም ዜናውን የሚያጠቃልል ማሽን ሁለቱን ቦታዎች ቢያደባልቅ ማን ያርመዋል? ሁለተኛው የባሕር ዳሩ ነው። በመስከረም 2014 መጨረሻ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ምሁር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ከጥላቻ ጋር ተለጠፈ፤ በቀጣዩ ወር በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው ለኩባንያው ደጋግሜ አመልክቼ ነበር ብሎ በናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ኩባንያው ኃላፊነቱን አይቀበልም፤ ፍርዱ ገና ነው። ከክሱ ጭብጦች አንዱ ግን ከፊደል ጋር የተያያዘ ነው፤ አማርኛ የሚያነብ ሰውም ሆነ ሶፍትዌር በበቂ አልነበረም የሚል። ማስታወቂያ ለመሸጥ አማርኛ የሚበቃው መድረክ፣ ግደሉት የሚል ቃል ለማወቅ አማርኛ አጠረው።

እዚህ ላይ የስሜን ሰው «ኔትወርኩ በሌለበት ስለ ቋንቋ ሞዴል ምን ታወሩኛላችሁ?» ቢል እውነት አለው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ብዙ ቦታ ለወራት ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ጊዜ፣ በጥቅምት 2016፣ ለንደን ያለው የብሪቲሽ ላይብረሪ በኢንተርኔት ዘራፊዎች ተመታና ዲጂታል የብራና መጻሕፍቱ ከድረ ገጹ ጠፉ። ላይብረሪው ከመቅደላ ከተወሰዱት የቴዎድሮስ መጻሕፍት 350 ያህሉን ይዟል፤ በርካቶቹንም ዲጂታል አድርጎ ነበር። እንግዲህ በዚያ ወቅት ቴዎድሮስ ከነገሡባት አገር ያለ ሰው የቴዎድሮስን ብራና ለማየት ቢነሣ፣ በዚህ በኩል መንግሥት ዘግቶበታል፣ በዚያ በኩል ሌባ። «ዲጂታል ሆኗልና የሁላችን ነው» የሚለው ንግግር ከዚያ ወዲህ ቀለል ብሎ መነገር አልነበረበትም።

ኢንተርኔት የማይሻ ሶፍትዌር ግን አለ፤ እዚሁ ተሠርቷልም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው 8028 ገበሬው በአዝራር ስልኩ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በቋንቋው የሚሰማበት መስመር ነው። ፊደል አያስፈልገውም፤ ዳታ አያስፈልገውም። በድምፅ ስለሆነ የሚጠብቀው ይጠብቃል፣ የሚላላው ይላላል፤ ጽሑፍ የሚደብቀውን ጥብቀት ጆሮ ያገኘዋል። በቴሌግራም መንደር ስለ 8028 የተጻፈ ረጅም ትንታኔ ለማግኘት መድከም ነው፤ ለአንድ የስልክ ሞዴል ካሜራ ግን አሥር አለ። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ተጀምሮ ገጠር የገባው በመተግበሪያው ውበት አይደለም፤ *127# ደውሎ በቁጥር የሚመረጥ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ንግግር የሚያውቅ ማሽን ከእንዲህ ያለ መስመር ጋር ቢጋባ የዳባት ገበሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያለ ስማርት ፎን ይጠቀምበታል። ለዚያ የሚያስፈልገው የጎንደሬው፣ የሸዌው፣ የጎጃሜው፣ የወሎዬው አነጋገር ተቀድቶ መቀመጡ ነው። ያንን ከውጭ መጥቶ የሚሠራልን ኩባንያ እስኪገኝ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ሥራው ጨርሶ አልተጀመረም ማለትም ሐሰት ነው። ኢትዮኤንኤልፒ የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብና አፍሪካ አቀፉ ማሳካኔ የአማርኛ መረጃ ሰብስበው በነፃ ለቀዋል። የበርሊኑ ለሳን የአማርኛና የትግርኛ ትርጉም ሠርቷል። የአማርኛን ግስ የሚተነትነውን ሆርንሞርፎ የሠሩት አሜሪካዊው ማይክል ጋሰር ናቸው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የጎደለው ጥሬ ዕቃው ነው፤ ጥሬ ዕቃው ያለው ደግሞ እነሱ እጅ አይደለም። በየጋዜጣው ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በየዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ፣ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በድሮ ፎንት ታስሮ ተቀምጧል። ወደ ዩኒኮድ መለወጫው ዘዴ የታወቀ ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ፕሮግራም የኮርስ የምስክር ወረቀት ቆጥሮ ይዘግባል። ከሠልጣኞቹ ጥቂት መቶዎቹ አንድ ክረምት አንድ የጋዜጣ ማኅደር ቢለውጡ ከዚያ የምስክር ወረቀት ክምር የበለጠ ይቆጠር ነበር።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ኮምፒውተር ያስተምራል። በአገሪቱ የኮምፒውተር ተማሪ መመረቂያ ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የሆቴል ማስተዳደሪያ ሲስተም ነው፣ ካልሆነም የተማሪ መመዝገቢያ፤ ተከላክለውበት መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አንድ ዓመት እንኳ ርእሱ ይቀየር። የደባርቅ፣ የዳባትና የጃናሞራ ወረዳዎች ቀበሌዎች፣ ወንዞች፣ አምባዎችና አድባራት ስም ከአገሬው አፍ ተሰምቶ በግእዝ ፊደል ይጻፍ። ከጎኑ አውሮፓውያን የጻፉባቸው መልኮች ሁሉ ይደርደሩ፤ ቦታው በካርታ ይመልከት፤ ድምፁም ይቀዳ። ከዚያ ማንም እንዲወስደው በነፃ ይለቀቅ። ለዚህ ቢበዛ አንድ ሴሚስተር፣ ጥቂት ስልክና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ይበቃል። ዝርዝሩ ከ«ደ» ቢጀምር ደረስጌ ከመጀመሪያው ገጽ አትርቅም።